መልመድና መላመድ ለየቅል ናቸው

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ሰውና እንስሳ አስቸጋሪ አየርንና መልክዓ ምድርን እንዴት ችለው እንደሚኖሩ ያትታል፤ ምሳሌዎቹን ከሰሜን ተራሮች፣ ከመንዝ፣ ከባሌና ከአፋር ያመጣል። ጸሐፊው ለአገራቸው ሰው ያላቸው አድናቆት ከየመስመሩ ይነበባል። ማሳረጊያቸው ግን እንዲህ ይላል፦ «ደገኛው ቁሩን፣ አፋሩ ሐሩሩን፣ ጭላዳው ገደሉን ለምደውታል። የለመደ ደግሞ አይጎዳም።»

እኔ መንዝ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። «የለመደ አይጎዳም» የምትለዋን ሳነብ ጽሑፉን አጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ ክፉ አስበው ጻፉት ብዬም አላምንም። ነገር ግን ያነሷቸው ነጥቦች ገሚሶቹ ስህተት ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ በተራ በተራ ልመልስ።

ከደሙ ልጀምር። «የደገኛ ደም ወፍራም ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ደሙ ይወፍራል፤ የጥንካሬው ምስጢር ይኸው ነው» ይላሉ። ይህ የሌላ ተራራ ታሪክ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት የፔሩና የቦሊቪያ ደገኞች በእርግጥ ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ ከፍ ያለ ነው። የእኛዎቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። እዚያ ከፍታ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ሆኖም የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ። ይህ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ደም ብዙም አይለይም። ደማቸውም ሊሸከም ከሚችለው ኦክስጅን 95 በመቶውን ተሸክሞ ነበር፤ ይህ የኦክስጅን ሙሌት ይባላል። የቲቤት ደገኞች ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አላቸው፦ ሄሞግሎቢናቸው አይበዛም፤ የኦክስጅን ሙሌታቸው ግን ዝቅ ያለ ነው። ተራራው ያቀረበው ጥያቄ አንድ ሆኖ ሳለ ሦስት ሕዝቦች ሦስት መልስ ሰጥተዋል።

ወፍራም ደምን እንደ ጸጋ መቁጠሩም ራሱ ትክክል አይደለም። ደም ከልክ በላይ ሲወፍር ልብ ይደክማል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በአንዲስ ብዙ ሰው የሚሠቃይበት፣ ስም ያለው የተራራ በሽታ ነው። የሰሜኑ ሰው ከዚህ መትረፉ ነው ሊደነቅ የሚገባው።

ሁለተኛው ነጥባቸው «አሥር ዓመት ደጋ የኖረ ሁሉ ደገኛ ይሆናል» የሚል ነው። በአማርኛችን «መልመድ» እና «መላመድ» የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ጽሑፉ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሁለቱን ያምታታል። ከአዋሽ ወደ ደብረ ብርሃን የተዛወረ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ዳገት ሲወጣ ያለከልካል፤ ወር ሁለት ወር ሲቆይ ይሻለዋል። ሰውነቱ ለመደ ማለት ነው። ተመልሶ ቢወርድ ልምዱም አብሮት ይወርዳል፣ ለልጁም አያወርሰውም። መላመድ ግን በትውልድ የሚቆጠር ነገር ነው።

የዘመኑ ርዝማኔ የሚታይበት አንድ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የሰሜን ደጋ አማሮችንና የባሌ ደጋ ኦሮሞዎችን አነጻጽሮ ነበር። በተቀራረበ ከፍታ ላይ እየኖሩ የኦሮሞዎቹ ሄሞግሎቢን ከአማሮቹ ይበልጥ ከፍ ብሎ ተገኘ። አጥኚዎቹ የሰጡት ምክንያት የቆይታ ልዩነት ነው፤ አማሮቹ በዚያ ከፍታ የኖሩት ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲሆን ኦሮሞዎቹ ከወጡ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ነው ይላሉ። ይህን ማንም የበላይና የበታች አድርጎ እንዳይወስድብኝ አደራ። ደገኛነት በአሥር ዓመት ቀርቶ በአምስት መቶ ዓመትም አንድ ዓይነት መልክ እንደማይዝ ለማሳየት ነው ያነሳሁት። ባሌ ራሷም ብትሆን የሰው እግር የረገጣት ትናንት አይደለም። ፊንጫ ሀበራ በተባለው የዋሻ ጥላ ሥር፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች እሳት አንድደው ፍልፈል ጠብሰው በልተዋል፤ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወትም መሣሪያ ሠርተዋል። በዚያን ዘመን ከእነርሱ በላይ ያለው ተራራ በግግር በረዶ የተሸፈነ ነበር።

ቀጥሎ ሯጮቻችን ይመጣሉ። ጽሑፉ «ድላችን ሁሉ የአየሩ ስጦታ ነው» ይላል፣ አበበ ቢቂላንም በባዶ እግሩ ያሳየናል። ከፍታ ይረዳል፣ አልክድም። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ሜዳሊያ ቢያመጣ ኖሮ ከቦሊቪያዋ ላ ፓዝና ከኔፓል የሚወጡት የማራቶን ጀግኖች በበዙ ነበር። ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂ ከፍ ያለች ከተማ ብትሆንም በእነርሱና በሌላው ደገኛ መካከል ያለው ልዩነት አየሩ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ዳገት የሚያስሮጥ አሠልጣኝ፣ አብሮ የሚሮጥ ጓደኛ፣ ቀድሞት ያሸነፈ የሰፈር ልጅ አለ። ይህን ሁሉ ለአየር መስጠት ልፋታቸውን መቀማት ነው።

ባዶ እግሩን በተመለከተ ጸሐፊው የጻፉት እንዲህ ነው፦ «አበበ ለዓለም ያሳየው የኢትዮጵያዊ እግር መሬቱን የለመደ መሆኑን ነው፤ ጫማ ለሌላው ነው።» አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ጫማው ሰዓቱን ከሦስት ደቂቃ በላይ ከማሻሻል አልከለከለውም!

እዚህ ላይ ግን ሩጫውን ትቼ ሌላ ነገር ማንሳት አለብኝ፤ «እግራችን መሬቱን ለምዷል» የሚለው አባባል በአገራችን ገጠር ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። ዝናብ በሚበዛባቸው ከፍተኛ ቦታዎች፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። በትንኝ የሚተላለፈውን ማለቴ አይደለም፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉትን ነው። ደቃቁ የማዕድን ብናኝ በቆዳ አልፎ ይገባና በዘር ተጋላጭ የሆነውን ሰው ያስቆጣዋል፤ እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ፈሳሽ ያወጣል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከተያዙት ብዙውን ቁጥር የያዘችው ኢትዮጵያ ናት፤ ግምቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። ሕመምተኞቹ ከገበያ ይርቃሉ፣ ከሠርግ ይቀራሉ፣ ልጆቻቸው ለትዳር አይፈለጉም። በሽታው ግን በጫማና እግርን በሳሙና በመታጠብ ይከላከሉታል። እነዚህ ሰዎች በዚያ መሬት ላይ የተወለዱ፣ አባት አያታቸውም በዚያው በባዶ እግር የሄዱ ናቸው። መሬቱን ከእነርሱ በላይ የለመደው ማን ነበር?

ስለ አፋርና ስለ ግመል በአጭሩ። ጽሑፉ ግመል በሻኛዋ ውሃ እንደምታጠራቅም፣ አፋሩም ሐሩሩ እንደማይሰማው ያትታል። ግመል በሻኛዋ ውሃ አታጠራቅምም፤ ሻኛው ስብ ነው። ብልሃቷ ሌላ ነው፦ ከክብደቷ ሩብ የሚያህል ውሃ ብታጣም ትቆማለች፣ ምንጭ ስታገኝ በደቂቃዎች ውስጥ መቶ ሊትር ያህል ትጠጣለች፣ ውሃ ሲጠማት የሰውነቷ ሙቀት ከ34 እስከ 41 ዲግሪ ከፍና ዝቅ እንዲል ትተወዋለች፤ በላብ ውሃ ላለማባከን። አፋሩ ይህ ሰውነት የለውም። የእርሱ አካል የእኔና የእርስዎ ዓይነት ነው። ዳሎል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት ዓመታዊው አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር። እዚያ ጨው የሚቆርጡትና የሚጭኑት ሰዎች ሐሩሩ አይሰማቸውም ማለት እነርሱን አለማየት ነው። ይሰማቸዋል፤ ስለሚሰማቸውም ፀሐይ ሳትከር ይጓዛሉ፣ ሴቶቹ ነቅለው በግመል የሚጭኑትን የሰሌን ቤት ይሠራሉ፣ መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ውሃው እንዴት ነው። ዳጉ ነው በሕይወት የሚያቆያቸው።

አሁን ወደ ጭላዳው ልምጣ። ጽሑፉ «ሌሎች ዝንጀሮዎች ከቆላው ሲያባርሩት ወደ ገደል ሸሽቶ፣ የሚበላ ቢያጣ ሣር የለመደ ምስኪን» ይለዋል። ጭላዳ ስደተኛ አይደለም፤ የአንድ ትልቅ ቤት የመጨረሻ ወራሽ ነው። የዘመዶቹ ቅሪተ አካል ከደቡብ አፍሪካ እስከ አልጄሪያ፣ ከዚያም አልፎ ስፔንና ሕንድ ድረስ ተገኝቷል፤ አፋር ውስጥ ሐዳርም አለ። ሌሎቹ ሁሉ ጠፍተው በዓለም ላይ የቀረው የእኛው ብቻ ነው። ሣሩንም ቢሆን ተቸግሮ አይደለም የሚበላው። ጠዋት ጓሳ በተባለው የመንዝ የደጋ ሣር ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ያየዋል። ውርጩ ገና ሳይቀልጥ ከገደሉ አፍ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፣ ፀሐይ ወዳለበት ዞረው ፀጉራቸውን ነፋ አድርገው ይቀመጣሉ። ትንሽ ሞቅ ሲላቸው መንጨት ይጀምራሉ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት፣ አንድ አንድ ሰበዝ እየመረጡ፣ እጃቸው ሲሞላ ወደ አፍ። ቂጣቸውን ከመሬት ሳያነሱ እንደተቀመጡ ፈቀቅ ይላሉ። መቶ ጭላዳ አንድ ላይ ሲነጭ ሣሩ የሚያሰማው የመቀንጠስ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ልጅ ሆኜ በግ ስጠብቅ የማውቀው ድምፅ ነው። ሣር ለቃሚነታቸው በጥርሳቸው፣ በጣታቸው፣ በአቀማመጣቸው ሁሉ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የዘረ መል ጥናት እንዳሳየው ደግሞ የጭላዳም ሄሞግሎቢን ከፍ ያለ አይደለም፤ ይልቅ ደረቱ ሰፊ ነው። በወፍራም ደም የሚያምኑት ጸሐፊ ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጓሳን ያየ ሰው ሁሉ የሚወደው ነገር ነው። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ግልገሎቹን አትነካም፣ እነርሱም አይሸሿትም። ምክንያቱ በቁጥር ተለክቷል። ብቻዋን አይጥ ስታድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካላታል፤ በጭላዳዎቹ መካከል ስትሆን ግን ከሦስት ሁለቱ። አይጦቹ በመንጋው እንቅስቃሴ ይዘናጉ ወይም ቀበሮዋን ሳያዩ ይቅሩ፣ ውጤቱ ይኸው ነው። መላመድ የምለው እንዲህ ያለውን ነው፤ እርስ በርስ ነው።

ጽሑፉ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን «ደገኛው ከተፈጥሮ የተቀበለውን ይዞ ኖረ እንጂ ራሱ የፈጠረው ነገር የለም» ያለበት አንቀጽ ነው። መንዝ ሄደው ያውቁ ይሆን? ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው አገር ውርጭ አንድ ሌሊት ወርዶ የዓመት ልፋት ያጠቁራል። መሬቱ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ጥቁሩ አፈር ይጨቀያል፣ ገብሱ ሥሩ ይበሰብሳል። ገበሬው ምን አደረገ? የክረምቱን ትቶ በልጉን አጥብቆ ያዘ፣ ጓይ አቃጠለ። ጓይ ለማያውቅ ልንገር፦ መሬቱን ደጋግሞ ያርሳል፣ ጓሉን ይከምራል፣ ከሥሩ ኩበት ከትቶ እሳት ይለኩሳል። ክምሩ ቀን ከሌት ይጤሳል። አመሻሽ ላይ ሜዳው ሁሉ ትንንሽ ጭስ የሚያወጡ ጉብታዎች ይሆናል፣ ልብስህ ውስጥ የሚቀር የተቃጠለ አፈር ሽታ አለው። ከዚያ አመዱ አፈር ይበተናል፤ ውሃ የማይቋጥር፣ የላላ፣ ለገብስ የሚስማማ መሬት ይሆናል። አንድ ሁለት ምርት ጥሩ ይሰጣል። በኋላ ግን መሬቱ ለብዙ ዓመታት፣ አሥርም አሥራ አምስትም፣ ማረፍ አለበት፤ እሳቱ የአፈሩን ለምነትም አብሮ ይበላልና። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ ዋጋውን እያወቀ ነው የሚከፍለው። ዛሬ መሬት ጠብቦ ማሳረፊያ ሲጠፋ ጓይ የሚያመጣው ጉዳት በዝቷል። ይህን ሁሉ «ተፈጥሮ ሰጠችው» ማለት ምን ማለት ነው?

የለበሰውም ቢሆን ተፈጥሮ አልሰፋችለትም። በጉ የመንዝ በግ ነው፤ ትንሽ፣ ፀጉራም፣ ብርድ የሚችል። ሴቶቹ ፀጉሩን በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ሸምነው ባና እና ዝተት የሚባሉ ወፍራም የሱፍ ልብሶች ያደርጉታል። ቤቱ የድንጋይ ነው፣ በጎቹም ከእኛው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር፤ ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቃል። ያኔ ሌሊት ስነቃ የምሰማው የበጎቹን ማመንዠክ ነበር።

ጓሳም ራሱ የሰው ሥራ አለበት። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሆናል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው በቄሮ ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። የአጽመ ርስት ባለመብቶች አለቃ ይመርጣሉ፣ ሜዳው ለሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፣ ማንም አይግጥበትም፣ ማንም አያጭድበትም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ቀኑ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። አያቴ ስለ መክፈቻው ቀን ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራ ነበር፤ ማጭዳቸውን ከሳምንት በፊት ስለው ይጠብቁ ነበርና። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ርስቱ ሲቀር ቄሮውም አብሮ ተናጋ፣ ሜዳው ባለቤት አጣ። ኋላ ላይ ሕዝቡ ራሱ በአዲስ መልክ አደራጅቶ ዛሬ የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ የምንለው ሆነ። ቀይ ቀበሮዋና ጭላዳው በዚያ ሜዳ ላይ ያሉት ሰው ለልጅ ልጁ ብሎ ማጭዱን ለዓመታት ስለሰቀለ ነው።

«ስለዚህ የአየር ንብረት ለውጡም አያሰጋቸውም፤ የባሰውን ችለዋል» ይላሉ ጸሐፊው። ተራራ ጫፍ አለው። ቆላው ሲሞቅ ደጋ የሚወጣ እንስሳ አለ፤ ጫፉ ላይ ያለው ግን የት ይወጣል? ገብሱ ወደ ላይ በታረሰ ቁጥር የቀይ ቀበሮዋ ሜዳ ይጠብባል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያሉት። ብርዱን ከማንም በላይ የምትችለው ይህች እንስሳ ከእረኛ ውሻ የተላለፈባትን የእብድ ውሻ በሽታ አልቻለችውም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ዌብ ሸለቆ በጥናት ከሚከታተሏቸው ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ለአንድ ነገር እጅግ መመቸት ለሌላው እጅ መስጠት ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎቹ አሁን ውሾቹን ይከትባሉ፣ ለቀበሮዎቹም ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ከተው በሌሊት ያስቀምጣሉ።

በመጨረሻ ያቆየሁት በጽሑፉ መሃል ቀለል ተደርጎ ያለፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የደጋ ሕፃን ብርድ አይነካውም፤ በእናቱ ማኅፀን ለምዶት ይወለዳል።» እናቴ ብርድን አልለመደችም፤ ትፈራው ነበር። አራስ ቤት ሳለች ፀሐይ ደጁ ላይ ሳትደርስ ሕፃን አታወጣም። ውርጭ ባደረ ጠዋት ታናሼን በባና ጠቅልላ ደረቷ ላይ ታስረዋለች፣ በየመሃሉ ጆሮዋን ወደ አፍንጫው አስጠግታ ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር። እኛን ያሳደገን ያ ፍርሃቷ ነው። ቤቱን ለማሞቅ የምታነደው ኩበት ደግሞ መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ይታፈናል፤ ከብርዱ ስታሸሸን ከጭሱ ጋር ታገናኘን ነበር፣ ሌላ ምርጫም አልነበራትም። የሳንባ ምች ዛሬም በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋነኞቹ አንዱ ነው፤ ጭስ ደግሞ ያባብሰዋል።

ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ እንዳለ ቢተዉት እንኳ ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲያነሱት እለምናቸዋለሁ። በእርሱ ቦታ አንድ ነገር መጻፍ ከፈለጉ ይህን ይጻፉ፦ ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ጡት አልጠባ ካለ፣ «ብርድ ነው፣ ይለቀዋል» ሳይባል ሳይመሽ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።